ምዕራፍ 6፦ ከጠብታው ሥር ያለው አየር

ለድንኳን፣ ለዝናብ ጃኬት፣ ለጀርባ ቦርሳና ለተራራ ጫማ የሚሠራው ውኃ ገፊ ናኖ ቅብ ጨርቁን እንደ ላስቲክ የሚሸፍን ነገር ተደርጎ ይታሰባል። እውነታው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቅቡ የጨርቁን ቀዳዳ አይደፍንም፣ ክብደቱን በሚታወቅ መጠን አይጨምርም፣ በእጅ ሲዳሰስም አብዛኛውን ጊዜ አይለይም፤ እንዲያም ሆኖ በላዩ የወረደው ዝናብ ሳይጣበቅበት እየተንከባለለ ይወርዳል። ይህን የሚያደርገው ቅቡ ብቻውን ሳይሆን በድሩና በማጉ መካከል ጠብቆ የሚያቆየው አየር ነው፤ የቴክኖሎጂው ብርታትም ሆነ ድክመት፣ የገበያው ማጋነንም ሆነ ዘግይቶ የተገለጠው የብክለት ጣጣ ከዚህ የአየር ጥበቃ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው።

ናኖ የሚለው ቅጥያ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ድንክ ማለት ነው፤ በመለኪያ ሥርዓት ደግሞ ቢሊዮንኛ እጅን ስለሚያመለክት አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ይሆናል። የሰው ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖ ሜትር ሲለካ፣ ናኖ ቅብ የሚባለው ደግሞ ውፍረቱ ወይም በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች መጠን ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ነው። ቃሉ በሳይንስ ይህን ያህል የጠበቀ ልክ ቢኖረውም በሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ልኩን ጥሎ ለማንኛውም አዲስ ለሚመስል ፈሳሽ ጌጥ ሆኖ ይለጠፋል፤ ይህ ልማድ ያስከተለው ግራ መጋባት ወደኋላ ይነሣል።

ጠብታ ለምን ክብ እንደሚሆን ካልታወቀ ቅቡ የሚሠራው ሥራ አይገባም። የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ በጠብታው መካከል ያለው ሞለኪውል ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲሳብ፣ በዳር ያለው ግን ወደ ውስጥ ብቻ ስለሚሳብ የውኃው ገጽ እንደተወጠረ ስስ ቆዳ ይሆናል። ይህ የገጽ ውጥረት የሚባለው ኃይል ለንጹሕ ውኃ በክፍል ሙቀት 72 ሚሊኒውተን በሜትር ያህል ሲሆን፣ የምግብ ዘይትና የሰውነት ቅባት ግን ከዚህ ግማሽ እንኳ አይደርሱም። ውኃው የሚያርፍበት ነገር ሞለኪውሎቹን ከራሳቸው መሳሳብ በበለጠ ከሳባቸው ጠብታው ይነጠፋል፤ ካልሳባቸው ደግሞ ራሱን ሰብስቦ ክብ ሆኖ ይቀመጣል።

የዚህ ትግል ውጤት በአንድ ማዕዘን ይለካል። እንግሊዛዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ቶማስ ያንግ በ1805 እንዳስረዳው፣ ጠብታው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ በውኃው በኩል የሚለካው የንክኪ ማዕዘን የፈሳሹንና የወለሉን ዝምድና ይናገራል። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ በታች ሲሆን ወለሉ ውኃ ወዳድ፣ ከ90 ሲያልፍ ውኃ ገፊ፣ 150ን ሲሻገርና ጠብታው በትንሽ ዘንበል ማለት ተንከባሎ የሚወርድ ሲሆን ደግሞ እጅግ ውኃ ገፊ ይባላል። ችግሩ ኬሚስትሪ ብቻውን እዚያ ድረስ የማያደርስ መሆኑ ነው፤ ውኃን በብርቱ በመግፋት የታወቁት ኬሚካሎች እንኳ ፍጹም ልሙጥ በሆነ ወለል ላይ ሲቀቡ ማዕዘኑን ከ120 ዲግሪ አካባቢ አያሳልፉትም። የቀረውን 30 ዲግሪ የሚሰጠው የወለሉ ሸካራነት ነው።

ይህን በጥንቃቄ የተረዱት ሰዎች በጨርቅ ጉዳይ ላይ ሲሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች መሆናቸው የሚገርም አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ዌንዘል በ1936 ሸካራነት የወለሉን ጠባይ እንደሚያጎላው፣ ማለትም ውኃ ወዳዱን ይበልጥ ወዳድ፣ ገፊውን ይበልጥ ገፊ እንደሚያደርገው አሳየ። ከስምንት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ስለ ሱፍ ያጠኑ የነበሩት ካሲና ባክስተር ሌላውን ግማሽ ጨመሩ፤ ሸካራነቱ በቂ ሲሆንና ወለሉም ውኃ ገፊ ሲሆን ጠብታው ወደ ጎድጓዳው ሳይገባ በጉብታዎቹ ጫፍ ላይ ብቻ ይቆማል፣ ከሥሩም አየር ይታሰራል። የዳክዬ ላባ ውኃን የሚያንጠባጥበው በቅባቱ ብቻ ሳይሆን ላባው በተሰደረበት ቅርጽ እንደሆነም በዚሁ በ1944 ጥናታቸው ገለጹ። የኢትዮጵያ ደጋ እረኛ በርኖስ ለብሶ ካፊያውን የሚቋቋመው በዚሁ ሕግ ነው፤ የሱፍ ፋይበር፣ ማለትም ክሩ የተፈተለበት ቀጭን ዘለላ፣ ከላዩ ስስ የቅባት ልባስ ስላለውና ክሩም ቆርፋዳ ስለሆነ ካፊያው በጉብታ ላይ እንደ ቆመ ይቆያል። ዶፍ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ በርኖሱ ውኃውን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ከሣር የሚሠራው ገሳ ደግሞ ውኃውን በተዳፋቱ እያወረደ ይሻለዋል።

ከጨርቁ ዓለም የወጣው ይህ እውቀት ወደ ናኖ መጠን የወረደው በዕፅዋት ቅጠል በኩል ነው። የጀርመኑ የቦን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ባርትሎት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ቅጠሎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ከምርመራ በፊት መታጠብ የማያስፈልጋቸው ቅጠሎች ሁልጊዜ ሸካራ ገጽ ያላቸው መሆናቸውን አስተዋለ፤ በ1997 ከክሪስቶፍ ናይንሁይስ ጋር ባሳተመው ጥናትም በእስያ የንጽሕና ምልክት የሆነው የሎተስ ቅጠል ምሥጢር ታወቀ። በቅጠሉ ገጽ የማይክሮ ሜትር ጉብታዎች፣ በጉብታዎቹ ላይ ደግሞ ውፍረታቸው 100 ናኖ ሜትር ያህል የሆነ የሰም ቱቦዎች አሉ፤ ጠብታው የሚነካው የእነዚህን ጫፍ ብቻ ስለሆነ ተንከባሎ ሲወርድ አቧራውንም ጠርጎ ይሄዳል። ይህን ለማየት እስከ እስያ መሄድ አያስፈልግም፤ በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ለሥሩ የሚተከለው የጎደሬ ቅጠል ተመሳሳይ ጠባይ ስላለው ጠዋት ላይ ውኃ ቢንጠባጠብበት ጠብታው እንደ ብር ኳስ ሲሽከረከር ይታያል።

በፋብሪካ ይህን ገጽ በናይለን ወይም በፖሊስተር ላይ ለመፍጠር ብዙ መንገድ አለ። የተለመደው ጨርቁን በኬሚካል ገንዳ ውስጥ አሳልፎ፣ በሁለት ጥቅልሎች መካከል ጨምቆ፣ ከዚያም ቅቡ ከፋይበሩ ጋር እንዲጣመር በምድጃ ማሞቅ ነው፤ በገንዳው ውስጥ የሲሊካ ቅንጣት፣ ማለትም ከአሸዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ነገር በናኖ መጠን፣ ሲጨመር ፋይበሩ ራሱ ጥቃቅን ጉብታ ያበቅላል። ሌላው መንገድ ፕላዝማ ነው፤ አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲከፋፈል የሚፈጠሩት ንቁ ሞለኪውሎች በእያንዳንዱ ፋይበር ዙሪያ እጅግ ስስ ሆነው ይጣበቃሉ። ይህ ዘዴ በእንግሊዝ መከላከያ ሚኒስቴር ለወታደሮች የኬሚካል መከላከያ ልብስ ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ በ2004 ፒቱአይ በተባለ ኩባንያ አማካይነት ወደ ንግድ ወጥቶ ለጫማና ለሌሎች ዕቃዎች አገልግሏል። ከሁሉም ይበልጥ ዓይን የሚስበው ግን በ2008 በስዊዘርላንድ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በሽቴፋን ዜገር ቡድን የተሠራው ነው፤ በፖሊስተር ፋይበር ላይ ውፍረታቸው 40 ናኖ ሜትር የሚሆን የሲሊኮን ጭገር መሰል ነገሮች እንዲበቅሉ ተደርጎ፣ ጨርቁ ሁለት ወር ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ደረቅ ሆኖ ተገኘ። በውኃው ውስጥ ያለው ጨርቅ ሲታይ ብር መስሎ ያብለጨልጭ ነበር፤ ያ ብልጭታ በጭገሩ መካከል የታሰረው አየር ብርሃን ሲመልስ የሚፈጠር ነው።

ከዚህ በኋላ ካምፕ ለሚወጣ ሰው እጅግ ጠቃሚ የሆነው ልዩነት ይመጣል፦ ውኃ መግፋትና ውኃ አለማሳለፍ አንድ አይደሉም። ቅቡ የሚሠራው የመጀመሪያውን ነው። በክሮች መካከል ያለው ክፍተት 100 ማይክሮ ሜትር ያህል ቢሆንና ቅቡ 120 ዲግሪ ማዕዘን ቢሰጥ፣ አየሩ ሊቋቋመው የሚችለው ግፊት በሒሳብ ሲሰላ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ውኃ ግፊት አይበልጥም፤ በድንኳን ወለል ላይ የተንበረከከ ሰው ጉልበት ግን ጨርቁን ከብዙ ሜትር ውኃ ጋር በሚወዳደር ግፊት ይጫነዋል። ስለዚህ ናኖ ቅብ ብቻ ያለው የድንኳን ወለል፣ ቅቡ የቱንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን፣ ሰው ሲተኛበት ያስገባል። የግፊቱን ሥራ የሚሠራው ከጨርቁ በስተውስጥ የሚለጠፈው የፖሊዩሬቴን ወይም የሲሊኮን ሽፋን፣ በጃኬት ላይ ደግሞ እንደ ጎርቴክስ ያለው ስስ ሜምብሬን ነው። ሜምብሬን ማለት ቀዳዳዎቹ ለጠብታ እጅግ ጠባብ፣ ለውኃ ተን ግን ሰፊ የሆኑ ገለፈት ሲሆን፣ የጎርቴክሱ ቦብ ጎር በ1969 ቴፍሎንን በድንገት ስቦ በመዘርጋት ያገኘው ነው።

ሁለቱ በሁለት የተለያዩ ምርመራዎች የሚለኩትም ለዚህ ነው። የቅቡ ምርመራ ጨርቁን በ45 ዲግሪ አዘንብሎ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ ከላይ በመርጨት ገጹ ምን ያህል እንደረጠበ ያያል፤ የሽፋኑ ምርመራ ደግሞ በጨርቁ ላይ የውኃውን ግፊት እየጨመረ ጨርቁ በየት ላይ እንደሚያንጠባጥብ ይጠብቃል፣ በድንኳን መለያ ላይ 3,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ነው። ገዢው ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ሲያነብ መጀመሪያውን ይረሳል፤ ይህ ደግሞ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ የጃኬቱ የላይኛው ጨርቅ ውኃ ጠጥቶ ከጠቆረ ሜምብሬኑ ባያስገባም የላቡ ተን መውጫ ያጣል፣ ከውስጥ የሚሰማው እርጥበትም ጃኬቱ እንዳስገባ ያስመስላል። ከውጭ ዝናብ ይሁን ከውስጥ ላብ የለበሰው ሰው አይለየውም፤ ጥፋቱንም ብዙ ጊዜ በማይገባው በሜምብሬኑ ላይ ይጥላል።

በድንኳን ውስጥ ያለው ጠላት ግን ዝናቡ ሳይሆን ጤዛ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሌሊቱን በትንፋሽና በቆዳው ጥቂት መቶ ሚሊ ሊትር ውኃ ያወጣል፤ ይህ ተን ቀዝቃዛውን የድንኳን ጨርቅ ሲነካ ወደ ውኃ ይለወጣል። ናኖ ቅብ ከውስጥ ቢቀባ ይህንን ያስቀራል ብሎ መጠበቅ ተፈጥሮአዊ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ቅቡ ራሱን ያጋልጣል። ከሰማይ የወረደ ጠብታ ከጉብታዎቹ በላይ ያርፋል፤ ከተን የተወለደ ጠብታ ግን በራሱ በጎድጓዳው ውስጥ፣ አየሩ በነበረበት ቦታ ተጸንሶ ስለሚያድግ ከሥሩ አየር አይኖረውም፣ ስለዚህም ይጣበቃል። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት የሎተስን ቅጠል ሳይቀር በዚህ ፈትኖ፣ በቅጠሉ ላይ ተን ሲጤዝበት ጠብታዎቹ ሳይንከባለሉ ተጣብቀው መቅረታቸውን አሳይቷል። በቀዝቃዛ ሌሊት ከፍታ ላይ ለሚተከል ድንኳን፣ ለምሳሌ በሰሜን ተራሮች በሳንቃበርና በግጭ ካምፖች ለሚተከለው፣ ከማንኛውም ውድ ቅብ ይልቅ የተከፈተ የአየር መውጫ ይሻለዋል።

ቅቡ የሚሸነፍበት ሌላው መንገድ ቀላል ነው፦ መፈተግ። የጀርባ ቦርሳ ማንገቻ ትከሻ ላይ ሲያሸው፣ የጫማ አፍንጫ ድንጋይ ሲመታው፣ ጉብታዎቹ ይሰበራሉ፤ የእሳት ጭስ፣ የእጅ ቅባትና አቧራ ደግሞ ገጹን ውኃ ወዳድ ያደርጉታል። የልብስ ሳሙና ጨርቁን ለማጽዳት እንጂ ቅቡን ለመርዳት አልተሠራም፤ በጨርቁ ላይ የሚቀረው ቅሪት የውኃን የገጽ ውጥረት ስለሚያወርድ ብዙ ያለቅልቅ ካልተደረገለት ጠብታው ይነጠፋል። በሙቀት ማድረቅ አንዳንዴ የሚያድሰው፣ ከቅቡ ጋር የተያያዙት የሞለኪውል ሰንሰለቶች በእጥበትና በመፈተግ ተጋድመው ከሆነ ሙቀቱ ወደ ውጭ መልሶ ስለሚያቆማቸው ነው፤ ተሰብረው ከሄዱ ግን ሙቀት የሚመልሰው ነገር የለም። የቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ይህን ለመፍታት ብዙ ደክመዋል፤ በ2020 በፊንላንድ የአልቶ ዩኒቨርሲቲና በቻይና የሚሠሩ ሳይንቲስቶች ደካማውን የናኖ ገጽ በማይክሮ ሜትር ጉድጓዶች ውስጥ አስቀምጠው፣ የጉድጓዶቹ ግድግዳ መፈተጉን እንዲቀበልለት ያደረጉበት ሥራ ብልህ ነው። ሥራው የተሠራው ግን እንደ ብርጭቆና ብረት ባለ ጠንካራ ነገር ላይ ነው፤ የሚታጠፍና የሚሰበሰብ ጨርቅ ይህን ያህል ገር አይደለም።

ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ለዚህ የቅቡ ድክመት መልስ የሰጠው ፍሎሪን ነው። በ1938 በአሜሪካ ሮይ ፕላንኬት ቴፍሎንን ካገኘ በኋላ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ብርታት ታወቀ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ስሪ ኤም በተባለው ኩባንያ ውስጥ ስትሠራ የነበረችው ፓትሲ ሸርማን፣ በጫማ ላይ በድንገት የፈሰሰ ፈሳሽ እድፍ እንደማይዝ አስተውላ ከሳሙኤል ስሚዝ ጋር ስኮችጋርድ የተባለውን እድፍ ተከላካይ አወጣች። የፍሎሪን ሰንሰለት ውኃን ብቻ ሳይሆን ዘይትንም ይገፋል፤ ይህም ከላይ የተነገረውን የእድፍና የቅባት ችግር አብሮ የሚፈታ ስለሆነ፣ የተራራ ልብስ ሠሪዎች ለምን ሌላ ነገር እንዳልፈለጉ ይገባል። ጉዳቱ ያን ትስስር ፀሐይም ባክቴሪያም በቀላሉ የማይፈታው መሆኑ ነው። ከጃኬቱ ላይ ተፍቆ የወረደው ነገር በወንዝ፣ በዓሣና በሰው ደም ውስጥ ይቆያል፤ የአካባቢ ተሟጋቹ ድርጅት ግሪንፒስ በ2015 ወደ ሩቅ ተራሮች በላካቸው ቡድኖች የተሰበሰበ በረዶና የሐይቅ ውኃ ውስጥም እነዚህ ኬሚካሎች ተገኝተዋል። በድንኳኑ ላይ ጥቂት ዓመት መቆየት ያቃተው ቅብ በተፈጥሮ ውስጥ ለትውልድ የሚቆይ መሆኑ፣ ከዚህ ቴክኖሎጂ ታሪክ ሁሉ መራራው ቀልድ ነው።

ሕጉ ዘግይቶ ተከተለ። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት ከእነዚህ ኬሚካሎች ፒፎስን በ2009፣ ፒፎአን በ2019 በሚቆጣጠራቸው በካይ ኬሚካሎች ዝርዝር አስገባ፤ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ሆን ተብሎ ፍሎሪን ኬሚካል የተጨመረበት አዲስ ልብስ እንዳይሸጥ ከለከሉ፤ ለከባድ ዝናብ ለሚለበሱት ብቻ ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷል። ኢንዱስትሪው አሁን የተመለሰው ወደ ሰም፣ ወደ ሲሊኮንና ቅርንጫፍ ወዳላቸው የካርቦን ሞለኪውሎች ሲሆን፣ እነዚህ ውኃን በደንብ ቢገፉም ዘይትን አይገፉም፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና የምግብ ቅባት ይይዛቸዋል። አዲስ ጃኬት ከአሮጌው ቶሎ ጠቆረ የሚል ቅሬታ ሲሰማ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ መፍትሔውም በበለጠ ድግግሞሽ ማጠብና ቅቡን ማደስ ነው።

ማደሻው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ የሚሸጥ የሚረጭ ፈሳሽ ነው፤ ናኖ የሚለው ስምም በብዛት የሚለጠፈው እዚህ ላይ ነው። በመጋቢት 2006 በጀርመን ናኖ የሚል ስም የያዘ የሚረጭ ማሸጊያ ፈሳሽ በቤታቸው የተጠቀሙ 100 ያህል ሰዎች በትንፋሽ ችግር ተጠቁ፤ ሲመረመር ፈሳሹ ምንም ናኖ ቅንጣት አልነበረበትም። ጉዳቱ የመጣው ከስሙ ሳይሆን ከመረጨቱ ነው፤ ከ10 ማይክሮ ሜትር የሚያንሱ የቅብ ጠብታዎች እስከ ሳንባ ከረጢቶች ድረስ ሊወርዱ ስለሚችሉ፣ ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ስስ ፈሳሽ ይጎዳሉ። አንድን ጨርቅ ከውኃ የሚጠብቀው ጠባይ በሳንባ ውስጥ ሲሆን ጠላት ነው፤ ስለዚህ ድንኳንን በውጭ አየር ላይ መርጨት፣ ከተቻለም በስፖንጅ የሚቀባ ወይም በእጥበት የሚገባ ዓይነት መምረጥ ይገባል። በሁለት ጊዜ የሚቀቡት የጠነከሩት ቅቦች ደግሞ በጨርቁ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ገጽ ይተዋሉ፤ ብርሃንን የሚበትነው ያው ሸካራነት ስለሆነ ለጠቆረ ቀለም ዕቃ አይመረጡም።

ስፌትን የሚያህል ደካማ ቦታ በድንኳን ላይ የለም። የመርፌ ቀዳዳ ከናኖ ቅንጣት በብዙ አሥር ሺህ እጥፍ ስለሚሰፋ ቅቡ በላዩ ላይ አየር ሊይዝ አይችልም፤ ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ ወይም በሲሊኮን ማጣበቂያ ካልተደፈነ ክሩ ራሱ ውኃውን እየመጠጠ ወደ ውስጥ ያወርዳል። በአንጻሩ ቅቡ ከጨርቅ ወጥቶ ብዙም ያልተነገረለትን ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው በተራራ ገመድ ላይ ነው፤ ያልታከመ ገመድ ውኃ ሲጠጣ በክብደቱ ግማሽ ያህል ሊጨምር፣ በብርድም ሊጠነክርና እንደ ዱላ ሊቆም ይችላል፣ የዓለም አቀፉ የተራራ መውጣት ፌዴሬሽን ምልክት የሚሰጠው ገመድ ግን ከክብደቱ 5 በመቶ በላይ ውኃ መጠጣት የለበትም።

የቅቡ ሁኔታ በቤት ውስጥ የሚመረመረው በማንኪያ ውኃ ነው። በንጹሕና በደረቀ ጨርቅ ላይ ውኃው ሲንጠባጠብ ጠብታው ክብ ሆኖ ጨርቁ ሲዘነበል ከተንከባለለ ቅቡ በሥራ ላይ ነው፤ ክብ ሆኖ ግን ዘንበል ሲል ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ መታጠብና በሙቀት መድረቅ ይፈልጋል፤ ጨርቁን አጥቁሮ ከተሰራጨ ደግሞ በጉብታዎቹ መካከል የነበረው አየር ወጥቶ ውኃው ገብቷል ማለት ስለሆነ ማደሻ መቀባት ያስፈልገዋል።